ዎርቲንግተን፣ ሚኒሶታ፦ መንገዶቹ ለምን ሰያፍ ሆኑ?

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው። መሃል ከተማው መንገዱ ሁሉ ሰያፍ ነው። ወጣ ሲሉ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዘረጋል። አቅጣጫው እየጠፋብኝ ተቸገርኩ። ምክንያቱን የሚያውቅ አለ?

የሐይቅ ዳር፦ እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ነገሩ የባቡሩ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በፈረንጆቹ 1870ዎቹ መጀመሪያ፣ ሐዲዱ ሲዘረጋ ነው። ሐዲዱ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያልፋል፤ የመሃል ከተማው መንገዶችም እሱን ተከተሉ። ገጠሩ ግን በመንግሥት ቅየሳ ማይል በማይል ተሸነሸነ። ሁለቱ የሚጋጠሙበት ቦታ ነው ግራ የሚያጋባህ። መሥራቾቹ ደግሞ መጠጥ የማይገባባት ከተማ ነበር ያሰቡት! ይሄን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ።

ገበሬው፦ እኔ የምወደው ውሃውን ነው። የከተማችን የኦካቢና ሐይቅ ውሃ በዴሞይን ወንዝ አድርጎ ሚሲሲፒ ወንዝ ይገባል። የዚሁ የኖብልስ ካውንቲ ምዕራቡ ክፍል ዝናብ ግን ወደ ሚዙሪ ወንዝ ነው የሚወርደው። መሬቱ ሜዳ ይመስላል እንጂ ውሃ ይከፍላል። ኦካቢና የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የዳኮታዎች ቃል ነው፤ ሽመላ መሰል ወፎች የሚፈለፈሉበት ቦታ ማለት ነው።

አዲስ ገቢ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቅዳሜ ሐዲዱን ይዤ በእግሬ አየዋለሁ።