ደብተሬን ለማን ላሳይ?

ጠያቂ፦ 22 ዓመቴ ነው፤ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣና ዳር ቁጭ ብዬ 11 አጫጭር ልቦለዶች ጻፍኩ። አንድ ደራሲ ገና ሳያነብ «መጀመሪያ ኑር» አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ አይዞህ! ሐዲስ ዓለማየሁ እኮ የጎጃም ሰው ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር።

ጠያቂ፦ እስከ 50 ልጠብቅ ነው?

ሌላ መልስ፦ ኧረ አትጠብቅ። እኔ ሁለት መጽሐፍ አሳትሜአለሁ። የመጀመሪያ ረቂቄን አንድ አንጋፋ ደራሲ በቀይ እስክሪብቶ ጨረሱት። አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ከበቡና «ይቺ ያንተ ናት» አሉኝ። አጎቴ ለታንኳ ደንገል ሲያስር የሚያሳይ ነበር። ሌላው ሁሉ አይቼው የማላውቀው ከተማ ነው። ካንተስ ስንቱ አዲስ አበባ ነው?

ጠያቂ፦ ዘጠኙ፣ ጋሼ።

ሌላ መልስ፦ ሁለቱን ላክልኝ።