መኪና የሌለን ወላጆች ማመልከቻ፦ ረቂቁ ላይ ሀሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ በተነጋገርነው መሰረት ረቂቁን አምጥቻለሁ። ለትምህርት ቤቱም ለቀበሌውም የሚገባ ስለሆነ ሰው ሳይፈርም በፊት ያንብበው። ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ትምህርት ቤቱ ለኬጂና እስከ 2ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ሰርቪስ ያቅርብልን።» የቀረው ማብራሪያ ነው። እኔም የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሿ ገና ትታዘላለች፣ ትልቁ ኬጂ ገብቷል። እዚህ ድሬዳዋ በየቀኑ ከመጋላ እስከ ከዚራ ስንመላለስ ምን እንደሚያደክመን አውቀዋለሁ። እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ፣ እየሰበሰብኩ አስተካክላለሁ።

የቀፊራ እናት፦
እህቴ እግዜር ይስጥልን። ግን ሰርቪስ የሚለው ቅር ብሎኛል። ልጄ ቀድሞ የተማረበት ትምህርት ቤት ሰርቪስ ነበረው። ክፍያው እየጨመረ ሄደ፣ የሚከፍለው ወላጅ እየቀነሰ መጣ፣ አጋማሹ ላይ መኪናው ቆመና ሜዳ ላይ ቀረን። ከዚያ ወዲህ በእግር ነው የምንሄደው።

ደግሞ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ድሬ ሜዳ ናት፣ ዳገት የለብንም። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል እያወራን ስንሄድ እንዲያውም ደስ ይላል። ልጄ ፊደል የለየው የየሱቁን ስም እያነበበ ነው። የሚያሰቃየን መልሱ ነው። 6 ሰዓት ሲለቀቁ አስፋልቱ ይፋጃል፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ድልድዩ አንድ ጥላ የለም። ልጁ መሀል መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ «እዘይኝ» ይለኛል። ስድስት ዓመቱ ነው፣ እንዴት አድርጌ ልዘለው? በሰኔ ሙቀትማ እኔ ራሴ ቁጭ ልል ይደርሰኛል።

የሳቢያን አባት፦
አቦ እውነቷን ነው። ባጃጅ እንያዝ ብትል ደግሞ በዚያ ሰዓት የለም። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ከተማው ያርፋል፣ ሹፌሩም ሰው ነው፣ ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል። የተገኘው ደግሞ አጭቆ ይጭናል። ባጃጅ የተሰራው ከሹፌሩ ሌላ ለሶስት ሰው ነው። የኔን ልጅ የሚያመላልሰው ሰባት ልጅ ጭኖ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁለቱ ከሹፌሩ ጎን ተለጥፈው፣ አንዱ እግሩ ውጭ ተንጠልጥሎ። ጎኑ ክፍት እኮ ነው። ደነገጥኩ። ግን ሹፌሩን ከመቆጣቴ በፊት ራሴን ጠየቅኩ፦ የወር ኮንትራት ስንዋዋል ስንት ልጅ ትጭናለህ ብዬ ጠይቄዋለሁ? አልጠየቅኩም። ዋጋው ስለቀነሰልኝ ዝም አልኩ። ሰባት ልጅ የተጫነው ሰባታችን ወላጆች ዝም ስላልን ነው።

ስለዚህ በመካከላችን ስምምነት ይጻፍ። በአንድ ባጃጅ ሶስት ልጅ፣ ከሹፌሩ ጎን ማንም አይቀመጥም፣ ትንሹ መሀል ይሆናል። ሹፌሩ እንዳይጎዳ ልዩነቱን እኛ እንሙላ። እኛ ሳቢያን ያለነው በእግር አይሆንልንም፣ ለኛ መፍትሄው ይሄ ነው።

የልጅ ልጅ አሳዳጊ፦
ልጆቼ እኔም ልናገር። ልጄ ስራ ስለምትውል ሕፃኑን ጤና ጣቢያ የማመላልሰው እኔ ነኝ። በ45 ቀኑ ወሰድኩት፣ ከዚያ ሁለቴ ተመላለስኩ፣ አሁን የ9 ወሩ ደርሷል። አዝዬው ስሄድ የእግረኛው መንገድ ላይ ሽንኩርትና ልባሽ ተዘርግቷል፣ ከዚያ አለፍ ሲል የቱቦው ክዳን ተነስቶ አፉን ከፍቷል። ስለዚህ አስፋልት ላይ እወርዳለሁ። ከኋላዬ ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ልጁ ይበረግጋል። የሚሸጡትም ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ናቸውና ይነሱ አልልም፣ እንጀራቸው ነው። ልጅ ያዘለ አንድ ሰው የሚያልፍበትን ያህል ብቻ ይተዉልን። ክዳኑ ግን ይዘጋ። የሚገባበት ልጅ እስኪገኝ ነው የሚጠበቀው?

ነርስ ነኝ፣ የሶስት ልጆች እናት፦
እትዬ ያነሱት ትክክል ነው፣ ክዳኑ የግድ ይግባ። ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃን ከአዋቂ ቶሎ ይሞቃል፣ በላብ ራሱን የማቀዝቀዝ አቅሙም ትንሽ ነው። የሚሄደውም ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከአስፋልቱ የሚነሳው ወላፈን ይበልጥ ያገኘዋል። ፀሐይ እንዳይመታው ብለን የታዘለውን ልጅ ፊቱን በነጠላ ጥቅልል አድርገን ስንሸፍን አየሩን እንዘጋበታለን። ጥላ ያዙለት፣ ፊቱን ግን ክፍት ተዉት። ጡት ለሚጠባው ቶሎ ቶሎ አጥቡት፣ ለትልቁ ውሃ ይያዝለት።

እኔ የምለው ከመኪናው በፊት ሰዓቱን እንጠይቅ። ለምን ትንንሾቹ 5 ሰዓት ላይ አይለቀቁም? ጠዋት ቀደም ብለው ይግቡ። ይሄ ለትምህርት ቤቱ ምንም ብር አያስወጣውም። ባጃጅም በዚያ ሰዓት ይገኛል።

ደቻቱ ዳር የምኖር አባት፦
ሰዓቱ ላይ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ግን ረቂቁ ውስጥ ስለ ወንዛችን ስለ ደቻቱ አንድም ቃል የለም፣ ይሄ አስገርሞኛል። የኛ ሰፈር ልጆች ድልድዩ ዞሮባቸው በአሸዋው እያቋረጡ ነው የሚመላለሱት። በደረቁ ጊዜ ሜዳ ነው፣ ኳስም ይጫወቱበታል፣ እኔም አድጌበታለሁ። ችግሩ ደቻቱ ሳይነግርህ ነው የሚመጣው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ እየበራ፣ ደንገጎ ተራራው ላይ ከዘነበ ውሃው ከላይ ተጠራቅሞ ይወርድልሃል። የ1998ቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ያኔ ክረምት ነበር፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነበር። ግን ጎርፍ የክረምት ብቻ አይደለም፣ በመጋቢትና በሚያዝያ በልግም ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው።

እኔ የምፈልገው እንዲህ የሚል ነው። ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ትምህርት ቤቱ ትንንሾቹን ብቻቸውን አይልቀቅ፣ ወላጅ ወይም ተረኛ እስኪመጣ ግቢ ውስጥ ያቆያቸው። እኛም ዝናብ ባይኖርም ልጆቻችንን በድልድዩ እናስለምዳቸው። አምስት ደቂቃ ይጨምራል፣ ይጨምር።

ከሐረር የመጣሁ አባት፦
እኔ ያደግኩት ጀጎል ውስጥ ነው። እዚያ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ግንቡ ራሱ ጥላ ይሰራል፣ መኪናም እንደልቡ አይገባም፣ ልጅ ሆነን ብቻችንን ነበር የምንላላከው። ድሬ ስመጣ የከዚራ ጎዳና ገረመኝ። ባቡሩ በ1895 ድሬ ሲደርስ በእቅድ የተሰራ ሰፈር ነው፣ መንገዱ ሰፊ፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ። እዚያ ውስጥ በቀትር ከልጅ ጋር መሄድ ይቻላል። ከዚያ ስትወጣ ጥላው ያልቃል። ስለዚህ እኔ ዛፍ ይተከል እላለሁ፣ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ድልድዩ ብቻ። ኒም የድሬን ሙቀትና ድርቅ ይችላል። ቀበሌው ይፍቀድልን እንጂ ጉድጓዱን እኛ እንቆፍራለን፣ ውሃ የማጠጣቱንም ተራ በየቤቱ እንከፋፈል። የማያጠጣ ካለ ግን አሁኑኑ ይናገር፣ ምክንያቱም የተተከለ ሁሉ በሁለት ወሩ ሲደርቅ አይተናል። እስኪያድግ ድረስ መሀል ላይ ሁለት ቦታ የሸራ ዳስ ይበቃናል።

የቀፊራ እናት፦
ዛፉን እደግፋለሁ፣ የኛ ቤት ያጠጣል። በር ላይ ያለው ዜብራ ተፋቆ ጠፍቷል፣ እሱም ይቀባ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም ይሰራልን። የዓለም የጤና ድርጅትም ቢሆን እግረኛ በሚበዛበት መንገድ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ ነው የሚለው። ትንሽ ልጅ መኪናው በምን ያህል ፍጥነት እየመጣ እንደሆነ መገመት አይችልም፣ ሩቅ ነው ብሎ ይገባል። ከፍ ያሉት ክፍሎች ተማሪ ትራፊኮች ጠዋት አሉ፣ በመውጫ ሰዓትም ይቁሙልን።

ልጇ በክራንች የምትሄድ እናት፦
ሁላችሁም በእግር በእግር ስትሉ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ልጄ ጠዋት እንኳን ያን መንገድ አትችለውም። ሰርቪሱን ከረቂቁ ጨርሳችሁ ካወጣችሁት ለኛ የቀረ ነገር የለም። እባካችሁ አትርሱን።

የሳቢያን አባት፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ ከሳቢያን የሚመጣው ባጃጃችን በናንተ ሰፈር ነው የሚያልፈው። ከሶስቱ መቀመጫ አንዱ የልጅሽ ነው፣ መሀል ላይ። ይሄን ለማንም ማመልከት አያስፈልግም፣ ከሰኞ ጀምሮ። ሹፌሩን ዛሬ ማታ አነጋግረዋለሁ።

ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጥልን፣ ሳነብ እንባዬ መጣ። ረቂቁን ከስሩ ቀይሬዋለሁ። ሰርቪስ የሚለው በእግር መሄድ ለማይችሉ ልጆች ብቻ ተብሎ ቀርቷል፣ ያም ትምህርት ቤቱ ከኛ ጋር ተነጋግሮ እንዲያመቻች ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ኬጂና እስከ 2ኛ ክፍል ያሉት 5 ሰዓት ይለቀቁ የሚለው ሆኗል። ቀጥሎ ደንገጎ ሲጠቁር ልጅ አይለቀቅ። ለቀበሌው የምናስገባው የቱቦውን ክዳን፣ ዜብራውንና ጉብታውን፣ የሸራውን ዳስና የዛፉን ፈቃድ ነው። ስለሚሸጡት እናቶች እትዬ ባሉት መንገድ ጽፌዋለሁ፣ ይነሱ የሚል ቃል የለበትም። የባጃጁ ስምምነት የኛ ስለሆነ ለብቻው ወረቀት ላይ እንፈራረማለን። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ) ረቡዕ ስብሰባ አለው፣ እዚያ አቀርበዋለሁ፣ ሁለት ሰው አብሮኝ ይምጣ።

ነርስ ነኝ፣ የሶስት ልጆች እናት፦
እኔ አለሁ። የሙቀቱን ነገር እኔ ላስረዳ።

ደቻቱ ዳር የምኖር አባት፦
እኔም እመጣለሁ። መልስ እስኪመጣ ግን ዝም ብለን አንጠብቅ፣ ልጆቹን ሰብስበን በተራ እንውሰዳቸው። ሰኞ ተረኛው እኔ ነኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ከ20 ድልድዩ አፍ ላይ እቆማለሁ፣ የመጋላም የቀፊራም ልጅ እዚያ ይምጣ። ኮፍያና ውሃ ይያዙ።

የቀፊራ እናት፦
ማክሰኞ እኔ ነኝ። ረቡዕ ማን ይይዛል?