ናቶ ለማትወዱ፦ ከየትኛው ብትጀምሩ ይሻላል? (ጥቆማ ከቶኪዮ)

አዲስ ወደ ጃፓን የሚመጣ አበሻ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይህችን ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ «ይሄን ናቶ የሚሉትን ነገር ሰው እንዴት ነው የሚበላው?» ሱሺውን፣ ራመኑን፣ ካሪውን ቶሎ እንለምዳለን። ናቶ (የቦካ አኩሪ አተር) ላይ ስንደርስ ግን ሽታው ከበር ይመልሰናል። ክዳኑን አንዴ ከፍተው፣ አሽትተው፣ መልሰው ዘግተው በዚያው የቀሩ ብዙ ጓደኞች አሉኝ። እኔም ለረጅም ጊዜ አጠገቡ አልደርስም ነበር። አሁን ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ናቶ የማይጠፋ ሰው ሆኛለሁ።

ያስለመደኝ «ለጤና ጥሩ ነው» የሚለው ምክር አይደለም። ያንን ሁሉም ሰው ይላል፣ ማንንም ሲያስበላ ግን አላየሁም። ያስለመደኝ ቀላሉን ዓይነት መጀመሪያ ማግኘቴ ነው። ናቶ ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ ይመስለናል እንጂ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ መደርደሪያውን ብታዩ ከላይ እስከ ታች ናቶ ብቻ ነው፤ የፍሬው መጠን ይለያያል፣ የሽታው ኃይል ይለያያል፣ ሶሱም ይለያያል። «አልወድም» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከባዱን ነው መጀመሪያ ያገኘው። ስለዚህ ጥቆማዬን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ናቶ የቦካ አኩሪ አተር ነው። ፍሬው በእንፋሎት ይበስላል፣ ባሲለስ ሰብቲሊስ ከሚባለው ባክቴሪያ የናቶ ዝርያው ይረጭበታል፣ ከዚያ 40 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል ይቆያል። ያ የሚዝለገለገው ክር የባክቴሪያው ሥራ ነው። ድሮ በሩዝ ገለባ ተጠቅልሎ ነበር የሚሠራው፣ ምክንያቱም ባክቴሪያው ራሱ ገለባው ላይ ይገኛል። ገለባውን በፈላ ውኃ ሲነክሩት ሌላው ተሕዋስ ይሞታል፣ የናቶው ግን ሙቀቱን ተቋቁሞ ይተርፋል። ስልጆ እየበላ ላደገ ሰው ነገሩ ያን ያህል እንግዳ መሆን የለበትም። ስልጆም የቦካ ጥራጥሬ ነው፣ ሰናፍጭ ይገባበታል፣ በጾም ይበላል። ናቶም የቦካ ጥራጥሬ ነው፣ እሽጉ ውስጥ ደግሞ ካራሺ የሚሏት የሰናፍጭ ከረጢት አለች። እኔ ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ነው ሽታውን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሽታውና ጣዕሙ አንድ አይደሉም። አፍንጫ ላይ የቆየ አይብ የሚመስለው ነገር አፍ ውስጥ ሲገባ ለስላሳ የአኩሪ አተር ጣዕም ነው፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ መረር ይላል፣ በቃ። በሽታው ብቻ የወሰነ ሰው ገና አልቀመሰውም።

መጀመሪያ፦ የኮንቢኒ ናቶ ጥቅል

ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሩ። ኮንቢኒ የሚሏቸው ትናንሽ ሱቆች፣ ሰቨን ኢለቨንም ሆነ ፋሚሊ ማርት ወይም ሎውሰን ግቡና ኦኒጊሪ (የሩዝ ድብልብል) ከተደረደረበት አጠገብ ረጅሙን የናቶ ጥቅል ፈልጉ። ዋጋው 200 የን አካባቢ ነው። ለጀማሪ የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሽታው አይነሳም፣ ክሩ አይታያችሁም፣ ሩዙ ኮምጠጥ ይላል፣ ዙሪያውን ደግሞ ኖሪ (ስስ የደረቀ የባሕር አረም) ሸፍኖታል። ኖሪው ከሩዙ በፕላስቲክ የተለየውን ምረጡ፤ ስትከፍቱት ነው የሚጠቀለለው፣ ስለዚህ ኖሪው ደርቆ ኮሽ እያለ ይበላል። ቀድሞ ተጠቅልሎ የተቆራረጠው ኖሪው ይረጥብና ዝልግልጉ ላይ ሌላ ዝልግልግ ይጨምርባችኋል። በሦስቱ ሱቆች መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘሁም፣ ለቤታችሁ የሚቀርበው ይበቃል።

ከጓደኞች ጋር ከሆናችሁ ሱሺሮ ወይም ኩራ ሱሺ የሚባሉት ሱሺ ቤቶች ሄዳችሁ የናቶ ጉንካን እዘዙ፤ በኖሪ የታጠረች ትንሽ የሩዝ ጉርሻ ናት፣ ላይዋ ናቶ አለ። ከዝርዝሩ ርካሾቹ መካከል ስለሆነች ባትወዷትም ኪሳችሁ አይጎዳም። አንዱ ቀምሶ ሲያልፍ ሌላውም ይደፍራል።

ሁለተኛ፦ የሱፐርማርኬት እሽግ

ጥቅሉ ካላስጠላችሁ ወደ ቤት የሚገባውን እንምረጥ። አብዛኛው ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚሸጠው፣ አንዱ እሽግ ከ40 እስከ 50 ግራም ይሆናል፣ ሦስቱ በአንድ ላይ 100 የን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጃፓን ውስጥ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ፕሮቲን የሚሰጥ ነገር ብዙ የለም፤ በስኮላርሺፕ ገንዘብ ለምትኖሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሽታው ነው ችግሬ ለሚል ሰው የሚዝካን ኩባንያ «ኪን ኖ ትሱቡ» በሚለው ስሙ የሚያወጣው «ኒዮዋ ናቶ» አለ። ሽታው እንዲቀንስ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ልዩነቱም ክዳኑን ስትከፍቱ ይታወቃችኋል። ከዚሁ ኩባንያ ሶሱ ክዳኑ ላይ የተቀመጠ ሌላ ዓይነት አለ፤ ክዳኑን ሰበር ስታደርጉት ሶሱ ይፈሳል፣ ከረጢት መቅደድ የለም፣ እጅም አይጨማለቅም። እጄ መዝለግለጉ ያስጠላኛል ለምትሉ እሱን እጠቁማለሁ።

መልኩና ፍሬው ነው የሚከብደኝ ለሚል ደግሞ ሂኪዋሪ ነው መልሱ። አኩሪ አተሩ ተከክቶ፣ ልጣጩ ወጥቶ ነው የሚቦካው። ጥርስ ሥር የሚገባ ፍሬ የለውም፣ ከሩዝ ጋር ቶሎ ይዋሃዳል፣ ለሕፃናትም የሚሰጡት እሱን ነው። እኔ እስካሁን ከሁሉ አብልጬ የምገዛው ሂኪዋሪ ነው።

ደረጃውን የጠበቀ ተራ ናቶ ከፈለጋችሁ ኦካሜ ናቶን ያዙ። ኢባራኪ ክልል ያለው የታካኖ ፉድስ ኩባንያ ምርት ነው፣ እሽጉ ላይ ጉንጯ ሞላ ያለ የሴት ፊት ስላለ ጃፓንኛ የማያነብ ሰውም አይስተውም። ትናንሽ ፍሬ ያለው ለጀማሪ ይሻላል። ኢዮን ሱፐርማርኬት ቶፕቫሊዩ በሚለው ስሙ የሚሸጠውና ጊዮሙ ሱፐር የሚባለው ሱቅ ውስጥ የምታገኟቸው ርካሾቹም አይናቁም፣ ግን ሶሳቸው ለእኔ ትንሽ ይጣፍጣል፤ ግማሹን ብቻ አድርጌ ሶያ ሶስ እጨምርበታለሁ።

ስትገዙ ቀኑን እዩ። ናቶ ማቀዝቀዣ ውስጥም ቀስ እያለ መቡካቱን አያቆምም። ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ሽታው ይከብዳል፣ የአሞኒያ ጠረንም ያመጣል፣ አንዳንዴ አሸዋ የሚመስል ነጭ ነገር ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ማታ ላይ ግማሽ ዋጋ የሚል ወረቀት የሚለጠፍበትን ናቶ የለመደ ሰው ቢገዛው ምንም አይደለም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው ግን አትስጡት።

አበላሉ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ላስቲኩን አንሡ፣ ሶሱን ሳትጨምሩ በቾፕስቲክ በደንብ አማስሉት፤ እየነጣና አረፋ እየያዘ ይመጣል፣ ያኔ ሲቀምሱት ለስለስ ይላል። ከዚያ ሶሱን፣ ሰናፍጩን፣ የተከተፈ የባሮ ሽንኩርት ጨምሩ። ሩዙ ትኩስ ትኩስ ከሆነ ሽታውን ያስነሳዋል፣ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩዙ በረድ ይበል። ጃፓኖቹ ጥሬ እንቁላል፣ ኪምቺ፣ ባሚያ ይጨምሩበታል። ከባሚያ ጋር ያለው ግሩም ነው፣ ግን እሱ ለኋላ ይቆይ፤ ሁለቱም እንደ ተልባ የሚዝለገለጉ ስለሆኑ ጀማሪን ያሸሻሉ።

የእኛ ሰው አፍ የሚቀበለው ሌላ መንገድ አለ። የጓደኛዬ እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ካትሱሺካ በሚባለው የቶኪዮ ክፍል ሰንብተው ነበር። ናቶውን አሽትተው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ተበላሽቷል» አሉኝ። ሂኪዋሪውን ወሰድኩና የእሽጉን ሶስ ትቼ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ከተፍኩበት፣ ትንሽ ሶያ ሶስ፣ ትንሽ ሎሚ፣ የእሽጉን ሰናፍጭም ጨመርኩበት። በማንኪያ ጫፍ ቀመሱ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ይሄማ ይበላል፤ ሩዙን አምጣ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ሁሌ እንደዚህ ነው የማቀርበው። ሚጥሚጣም ይስማማዋል። በእንጀራ ግን አልመክርም፤ የእንጀራው ኮምጣጣነትና የናቶው ምሬት አይዋደዱም፣ ክሩም ለመጉረስ አይመችም። ሩዝ ይሻለዋል።

ሦስተኛ፦ ተቀምጦ መብላት

ቤት ማዘጋጀት ለማትፈልጉ የጠዋት ቁርስ አለ። ማትሱያ፣ ዮሺኖያ እና ሱኪያ የሚባሉት ምግብ ቤቶች ሦስቱም እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት፣ በነሱ አቆጣጠር እስከ 11፣ ናቶ ያለበት ቁርስ ያቀርባሉ፦ ሩዝ፣ ሚሶ ሾርባ (ከቦካ የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራ)፣ ናቶ፣ ጎኑ ላይ ኖሪ ወይም እንቁላል ይመጣል። ዋጋው 500 የን አካባቢ ነው። ጥቅሙ ሚሶ ሾርባው ነው፤ አንድ ጉርሻ ናቶ፣ አንድ ፉት ሾርባ እያላችሁ ስትሄዱ አፋችሁ ውስጥ የሚቀረው ነገር ይጠፋል። ማትሱያ ትኬቱን ከማሽን ስለምትቆርጡ ቋንቋ ለማይችል ሰው ይቀላል።

ቅመም ለሚወድ ሰው ደግሞ ኮኮ ኢቺባንያ የሚባለው የካሪ ቤት ካሪው ላይ ናቶ ይጨምርላችኋል። የቃሪያውን ኃይል ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ናቶ ሲሞቅ ሽታው ይጨምራል፣ ካሪው ግን ይሸፍነዋል፣ የናቶው ጥፍጥና ብቻ ነው የሚቀረው። ብዙ አበሻ ናቶን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቢጀምር ኖሮ ወዳጅ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለኋላ የሚቆየው

ሚቶ። በናቶ ስሟ የገነነ ከተማ ናት፣ ኢባራኪ ውስጥ። ቶኪዮ ካለው ከኡኤኖ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ጣቢያው ላይ በገለባ የተጠቀለለውን ናቶ ይሸጣሉ። ገለባውን ስትፈቱት የደረቀ ሣር ሽታ ከናቶው ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፣ ፍሬው ጠንከር ይላል፣ ጣዕሙም ከፕላስቲኩ ይበረታል። ለእኔ ከቀመስኳቸው ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ሆኖም መጀመሪያ እሱን የቀመሰ ሰው ላይመለስ ይችላል። እዚያ ከሄዳችሁ ሶቦሮ ናቶንም ፈልጉ፤ ከደረቀ የጃፓን ነጭ ራዲሽ ጋር ተከትፎ የተቀመመ ነው፣ ሲታኘክ ይንኮሻኮሻል። የደረቀ ናቶም አለ፣ እንደ ቆሎ ይቆረጠማል።

ደግሞ ካልወደዳችሁት አትሳቀቁ። የኦሳካ ሰው የሆነ ባልደረባዬ በሕይወቱ አልበላውም፣ መብላትም አይፈልግም። በዚያ አካባቢ ናቶ እንደ ምሥራቁና እንደ ሰሜኑ አይዘወተርም። «ጃፓን ኖረህ ናቶ አትበላም?» ብሎ የሚጫናችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

ሳትበሉ በፊት የምታውቁት

ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጥብኛል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ናቶ መብላት የለበትም። ናቶ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ እጅግ ብዙ ስለሆነ የመድኃኒቱን ሥራ ያከሽፈዋል፤ ጥቂት መብላትም ችግር ነው። ከእኛ አገር ሰው የልብ ክዳን (ቫልቭ) ተቀይሮለት ዋርፋሪን የሚወስድ ብዙ አለ። ለእንግዳ ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ። አኩሪ አተር የማይስማማው ሰውም እንዲሁ።

ለጿሚዎች፦ ናቶው ራሱ የጾም ነው፣ አብሮት የሚመጣው ሶስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የካትሱዎ ዓሣ ጭማቂ አለበት። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ከረጢቷን ጣሏትና በሶያ ሶስ ብሉት። ሙስሊም ወንድምና እህቶቼ ደግሞ የሶሱን ዝርዝር አንብቡ፣ አልኮል የሚገባባቸው አሉ፤ የስልካችሁን ካሜራ ጽሑፉ ላይ አድርጋችሁ ማስተርጎም ትችላላችሁ። ሰናፍጩንም እንደዚያው እዩት።

ከጃፓን ውጪ ላላችሁ፦ ዋሽንግተን አካባቢ ኤች ማርት የሚባለው የእስያ ምግብ ሱፐርማርኬት ውስጥ በረዶ ቤቱ ጋ ይገኛል፣ ዋጋው ግን ከዚህ በጣም ይወደዳል። ወደ ውጭ የሚላከው በረዶ ሆኖ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ አትክተቱት፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ማታ ከፍሪዘሩ ወደ ፍሪጁ አውርዱት፣ ጠዋት ለመበላት ይደርሳል። ሂኪዋሪ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ።