ለ18 ኮምፒውተሮች የሚሆን ከአቅም ጋር የሚመጣጠን ፀረ ቫይረስ የቱ ነው?

የሒሳብ ክፍል ኃላፊ፣ ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ፣ መጋዘኑ ደግሞ ኮምቦልቻ በሆነ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው። በሁለቱ ቦታዎች 18 ኮምፒውተሮች አሉን፤ 5ቱ ዊንዶውስ 7 ሲሆኑ የቀሩት ዊንዶውስ 10 ናቸው። የፒችትሪ የሒሳብ መረጃችን የሚቀመጠው ደሴ ባለው አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ሠራተኞቻችን ሰነድ ለማሳተም ፍላሽ ይዘው ወደ ፎቶኮፒ ቤት ስለሚመላለሱ፣ ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ከቢሯችን ጠፍቶ አያውቅም።

እስካሁን ሦስት አማራጮች ቀርበውልናል። አንድ ሻጭ ለ18ቱም ኮምፒውተሮች የሚያገለግል አንድ ቁልፍ በጣም ርካሽ በሆነ ዋጋ እሰጣችኋለሁ ብሎናል። ሌላው ነፃውን አቫስት ጫኑ ሲል መክሮናል። ሦስተኛው ለድርጅት የተዘጋጀ ፀረ ቫይረስ ዋጋ በፕሮፎርማ ያቀረበልን ሲሆን፣ ሥራ አስኪያጃችን ግን «ነፃ እያለ ለምን እንከፍላለን?» ብለው አቆይተውታል። የሚቀጥለው በጀት ሳይጸድቅ በማስረጃ የተደገፈ ሐሳብ ማቅረብ ስለምፈልግ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ክብርት እህቴ፣ ከሦስቱ አማራጮች ሁለቱን ዛሬውኑ ይሰርዟቸው። ለብዙ ማሽን የሚከፋፈለውን ቁልፍ አምራቹ ሲደርስበት ይዘጋዋል፤ በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙ በስክሪኑ ላይ እየታየ መታደሱን ያቆማል፣ ሠራተኛው ግን የተጠበቀ ይመስለዋል። ነፃው አቫስት ደግሞ በፈቃድ ውሉ መሠረት ለግል እንጂ ለንግድ ሥራ አይውልም።

ከፀረ ቫይረሱ ይልቅ እኔን ያሳሰቡኝ አምስቱ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ናቸው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቋረጠው በጥር 2012 ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ዲፌንደርም ሰላይ ፕሮግራሞችን ብቻ የሚፈትሽ እንጂ የተሟላ ፀረ ቫይረስ አይደለም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓለምን ያዳረሰውን፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ያስታውሱ። ማንም ሰው ምንም ሳይከፍት፣ በፋይል ማጋሪያው ክፍተት በኩል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ የወጣው ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ስለነበር፣ በብዛት የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑ የዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎች ነበሩ። ስለዚህ በጀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር እነዚህን አምስቱን መቀየር፣ ካልተቻለም ከኔትወርኩ መነጠል መሆን አለበት። ለመጋዘን መዝገብና ለደብዳቤ ብቻ የሚውሉ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ቢጫንባቸው ምንም ክፍያ የለውም።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ ያላቸው ማሽኖች ወደ ዊንዶውስ 11 ሊያድጉ ይችላሉ። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች የሚሸጠው የተራዘመ ማሻሻያ ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ማሽን 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱም እጥፍ ስለሚሆን ከአንድ ዓመት በላይ ባትደገፉበት ይሻላል።

በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ያለው ዲፌንደር ለንግድ ሥራም የተፈቀደ ነው። ጀርመን አገር በሚገኘው የኤቪ-ቴስት ላቦራቶሪ ፈተናዎች በተደጋጋሚ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። ነገር ግን ሙሉ ፍተሻ ሲደረግ ፍላሽን እንዲጨምር ሆኖ ስላልተዘጋጀ ይህን ቅንብር ማብራት ያስፈልጋል። ሠራተኞችም በአስተዳዳሪ አካውንት አይሥሩ፤ የሾርትከት ቫይረሱን ጉዳት ከሁሉም በላይ የሚቀንሰው ይህ ነው። የተደበቁት ፋይሎችም ብዙውን ጊዜ እዚያው ፍላሹ ውስጥ ስላሉ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።

የአይቲ ኃላፊ፣ ወልድያ

ወንድማችን ስለ ዊንዶውስ 7 ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ዲፌንደር በቂ ነው የሚል መልእክት እንዳይወሰድ ግን እሰጋለሁ። ጠያቂዋ የአይቲ ሠራተኛ እንዳላቸው አልጠቀሱም። 18 ኮምፒውተር በሁለት ከተማ ተበትኖ ሳለ የትኛው እንዳልታደሰ፣ የትኛው ላይ ጥበቃው እንደጠፋ ማን ያያል? ለድርጅት የሚሸጠው ፀረ ቫይረስ ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ነው፤ ከቤት መጠቀሚያው የበለጠ ቫይረስ ስለሚይዝ ሳይሆን፣ ደሴ የተቀመጠ አንድ ሰው የኮምቦልቻውን ማሽን በአንድ ገጽ ላይ እንዲቆጣጠር ስለሚያስችለው ነው።

ለእናንተ መጠን የሚሆኑት የስሎቫኪያው ኢሴት ፕሮቴክት፣ የሩማንያው ቢትዲፌንደር ግራቪቲዞን እና የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ለቢዝነስ ናቸው። የመጨረሻው የሚከፈለው በማሽን ሳይሆን በሰው ነው፤ መደበኛ ዋጋው በወር 3 ዶላር ሲሆን አንድ ሰው እስከ 5 መሣሪያ ይይዝበታል። ተጠቃሚዎቻችሁ 14 ከሆኑ በወር 42 ዶላር ይመጣል ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። ቢትዲፌንደር ደግሞ አንዱን ኮምፒውተር አከፋፋይ አድርጎ ማደሻውን በእሱ በኩል ብቻ ማውረድ ያስችላል፤ የኢንተርኔት ዳታ ለሚቆጥብ መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ሲሰላ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ በብር ደረሰኝ የሚሰጥ የአገር ውስጥ ወኪል ምረጡ፤ የሁለተኛ ዓመት የማደሻ ዋጋም በጽሑፍ ይቅረብላችሁ። አንዳንድ አምራቾች የመጀመሪያውን ዓመት በቅናሽ ሸጠው ማደሻውን ስለሚያስወድዱ፣ የምታወዳድሩት የሁለት ዓመት ድምሩን ይሁን።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ሐይቅ

አብሽሩ እህቴ፣ መፍትሔ አለው። እኔ የምጨምረው ስለ ፒችትሪ ብቻ ነው። ፀረ ቫይረሱ እያንዳንዱን የሒሳብ ፋይል በተከፈተ ቁጥር እየፈተሸ ፕሮግራሙን በጣም ሊያዘገየው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ፀረ ቫይረሱን ማጥፋት ይጀምራል። ይህ እንዳይሆን የኩባንያችሁ መረጃ ያለበት ማህደር ብቻ ከቅጽበታዊ ፍተሻው ይውጣ፤ ሙሉውን ሲ ድራይቭ የሚያስወጣ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ግን አትፍቀዱለት። ከፍተሻ የወጣው ማህደር በየቀኑ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ሥራው እንዳለቀ ይነቀል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰካውን ዲስክም አብሮ ይቆልፋልና።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊ፣ ደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ባይፈቀድ በየትኛው ልጀምር? ደግሞ ሦስተኛው ሻጭ ያቀረበው የሩሲያው ካስፐርስኪ ስለሆነ አሜሪካ ከልክላዋለች ሲባል የሰሙት ሥራ አስኪያጃችን ተጠራጥረዋል።

የአይቲ ኃላፊ፣ ወልድያ

የአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር በሰኔ 2016 ያሳለፈው ክልከላ በዚያ አገር የሚደረገውን ሽያጭና ማደሻ የሚመለከት ስለሆነ እዚህ አገር መጠቀምን አይከለክልም። ቢሆንም የእርዳታ ድርጅቶች ደንበኞቻችሁ ከሆኑ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቋቸው። በሌላ በኩል ኢሴትም ሆነ ቢትዲፌንደር የሙከራ ጊዜ ስለሚሰጡ፣ ከመግዛታችሁ በፊት በሰርቨሩና ደካማ በሆነው ማሽን ላይ ፒችትሪን ከፍታችሁ ሞክሩት።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ከኮምቦልቻው ወንድማችን ጋር የማንስማማበት ነገር የለም። ገንዘብ የማይጠይቀውን ማለትም የአካውንት ፈቃድ ማስተካከሉን፣ የዲፌንደር ቅንብሩንና መጠባበቂያ ቅጂውን በዚህ ሳምንት ጀምሩ። የሚፈቀደው የመጀመሪያ ብር ለአምስቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ይዋል። ሁለተኛው ዙር ለሰርቨሩ፣ ለሒሳብ ክፍልና ለገንዘብ ያዥ ማሽኖች የሚሆን የድርጅት ላይሰንስ ይሁን፤ የቀሩት እስከሚቀጥለው በጀት በዲፌንደር ይቆዩ። በሰርቨሩ ላይ ሌላ ፀረ ቫይረስ ስትጭኑ ግን፣ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ዲፌንደር በራሱ ስለማያፈገፍግ ባለሙያው በእጅ እንዲያሰናክለው አስታውሱት፤ ሁለቱ እኩል ከሠሩ ማሽኑ ይጨናነቃል።