«በርታ ስሜ አይደለም»፦ ኦቢያን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ቃል ሁለት ሳምንት አስጨነቀኝ። የዣን ሪስን «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» (1966) ለመልመጃ ያህል እየተረጎምሁ ነው። ላላነበባችሁት፦ በሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» (1847) ውስጥ ጌትየው ከጃማይካ ያመጣትን ሚስቱን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆልፎባታል። በርታ ትባላለች። ሌሊት ትስቃለች፣ ትናከሳለች፣ በመጨረሻም ቤቱን ታቃጥላለች፤ ታሪኳን ግን አንድም ቀን በራሷ አፍ ሳትናገር ትሞታለች። ዶሚኒካ ደሴት የተወለደችው ሪስ ይህችን ሴት አንትዋኔት ብላ ከልጅነቷ ጀምራ አስተረከቻት። ባልየው ግን በርታ ይላታል፣ የምወደው ስም ነው እያለ። እርሷም ያ ስሜ አይደለም፣ በሌላ ስም እየጠራህ ሌላ ሰው ልታደርገኝ ነው፣ ይህም ኦቢያ ነው ትለዋለች። ኦቢያ በባርነት ወደ ካሪቢያን የተጋዙ አፍሪካውያን የያዙት ምሥጢራዊ ጥበብ ነው። ድግምት ልበለው? መተት? ጥንቆላ?

አራሚው፦ ጥንቆላን ተወው፤ ጠንቋይ የተሰወረ ነገር አውቃለሁ ባይ ነው። ድግምት ከ«ደገመ» የወጣ ነው፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ምንም ክፋት የለበትም፣ ቃሉ ወደ ክፉ ያዘነበለው በአጠቃቀም ነው። መተት ደግሞ ተሠርቶ የሚቀበር ወይም የሚበላ ነገር ይመስለኛል። አንትዋኔት ባሏ እንዲወዳት ብላ በወይኑ የምትጨምርበት ክፍል ላይ ስትደርስ ግን አትጨነቅ፤ «መስተፋቅር» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል።

ግዕዝ ወዳድ፦ አስማት በለው እንጂ! አስማት እኮ በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። በክታብ ላይ የሚጻፉት ኅቡኣት ስሞች ናቸው ቃሉን ወደ ዛሬው ትርጉሙ ያመጡት። «በሌላ ስም መጥራትህም አስማት ነው» ብለህ ጻፍ። ሪስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያገናኘችውን ሁለት ነገር የእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል ይዞታል።

ጀማሪ ተርጓሚ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ይህን እንዴት ሳላስብ ቀረሁ?

የወሎዋ፦ ቃሉን ወድጄዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ የተጠራችው አማቷ ባወጡላት ስም ነበር። የልጅነት ስሟን የሰማሁት ወንድሟ ለቀብሯ መጥቶ እየጠራት ሲያለቅስ ነው። ስም መለወጡን አስማት ያለው ሰው አልነበረም፤ የማዕረግ ነገር ነበር። ስለዚህ አንባቢህ እዚያ ላይ ላይደነግጥ ይችላል። የሚሰቀጥጠው ኋላ ላይ፣ መስታወት በሌለበት ክፍል ተዘግቶባት፣ አንትዋኔት ከነሽቶዋና ከነመስታወቷ በመስኮት ስትሄድ አየኋት የምትለው ነው። እዚያ ላይ አትቸኩል።

አራሚው፦ ሌላ ችግር አለብህ። «በርታ» ብለህ ስትጽፍ አንባቢው ባልየው የሚያጽናናት ይመስለዋል፤ ያውም በወንድ አንቀጽ። በርቺ ማለት ሲገባው!

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ያስቃል ብዬ ፈርቼ ረቂቁ ላይ «ቤርታ» አድርጌዋለሁ።

የወሎዋ፦ ምን ያስቃል? ሚስቱን በወንድ አንቀጽ በርታ እያለ የሚጠራ ባል ነው። ማንን እያነጋገረ እንደሆነ እንኳ አያይም። እኔ ብሆን አልነካውም።

ግዕዝ ወዳድ፦ እኔም ከእርስዋ ጋር ነኝ።

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ኃምሱን «ቤ» ወደ ግዕዙ «በ» መልሻለሁ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «በርታ ስሜ አይደለም። ሌላ ሰው ልታደርገኝ ነው በሌላ ስም የምትጠራኝ። ይህም አስማት ነው።»