ከአዘዞ ፒያሳ ዳገቱ ላይ ሰዓቴ አልቀንስ አለኝ

ሰላም ብስክሌተኞች። ጎንደር ነው የምኖረው። በሳምንት 6 ቀን ከፒያሳ አዘዞ ወርጄ እመለሳለሁ፤ አንዱ መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱን አልለካም። ባጃጅና ጋሪ ስለሚበዛ እዚያ መፍጠን ልክ አይደለም። የምለካው የመልሱን ዳገት ነው።

ብስክሌቴ ያገለገለ ማውንቴን (የተራራ ብስክሌት) ነው፤ ቸርኬው 26 ኢንች፣ ማርሹ 21፣ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም። ስጀምር ዳገቱ 58 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። በሁለት ወር 49 ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ንቅንቅ የለም።

ኮርቻውን ከፍ አደረግሁ፤ የጉልበቴ ሕመም ጠፋ፣ ፍጥነቴ ግን ያው ነው። ጎማውን አጠንክሬ ስነፋው አስፋልቱ ላይ ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ በየቀኑ ባለ በሌለ ኃይሌ መንዳት ጀመርኩ፤ ይሄ ደግሞ ባሰ። ሐሙስ ሲደርስ እግሬ ድንጋይ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት 53 ደቂቃ ፈጀብኝ። በጣም ነው የከፋኝ።

ያለኝ ብር ለአንድ ጥንድ ቀጭን ለስላሳ ጎማ ይበቃል። ጓደኛዬ ግን «ብርህን ያዝ፤ ሁለት ቀን እረፍ፣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ዳገቱን አራት አራት ደቂቃ ጠንክረህ ንዳ፣ ሌላውን ቀን ቀስ በል» ይለኛል። ከ45 ደቂቃ በታች ለመግባት ከሁለቱ የቱን ላስቀድም?