ሌባዋን ወደድኳት፣ ምን ይሻለኛል? (ስለ ካትውማን ጥራዞች)

የብርዷ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) የሚያነብ ሰው እዚህ ካለ ድምፁን ያሰማ። ከሌለም ፊልሙን ያየ ይምጣ፣ ብቻ የማወራው ሰው እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አንድ ወፍራም ጥራዝ አመጣልኝ። የካትውማን፣ የባትማን ታሪክ ውስጥ ያለችው «የድመት ሴት» ኮሚኮች ተሰብስበው በ2012 የታተሙበት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። ጸሐፊው ኤድ ብሩቤከር፣ ዋናው ሠዓሊ ዳርዊን ኩክ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ጋቢዬን ተከናንቤ ቆሎ እየቆረጠምኩ እሱን ሳነብ ከረምኩ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ሌላ ምን የሚያሞቅ ነገር አለ? (አረቄ እንዳትሉኝ።)

አሁን ጨረስኩት። ጨርሼ ግን ሰላም አጣሁ። ሴትየዋ ሌባ ናት። ሰሊና ካይል ትባላለች። በመስኮት ትገባለች፣ ካዝና ትከፍታለች፣ አልማዙን ይዛ በጣሪያ ለጣሪያ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ በየገጹ «እንዳይዟት! እንዳይዟት!» እያልኩ ነው የማነበው። ሴተኛ አዳሪ የሆኑትን የሰፈሯን ሴቶች አንድ ሰው እየገደለ፣ ፖሊስም «እነሱ ናቸው» ብሎ ዞር ብሎ ሳያያቸው እሷ ስትቆምላቸው ጊዜማ ጭራሽ አንጀቴን በላችው። ገጹን ስገልጥ ደግሞ ያው ስርቆቷ።

እማዬ አንድ ማታ ብቻዬን ስስቅ አየችና «ምን ተገኘ?» አለችኝ። ታሪኩን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እና ለዚች ሌባ መጽሐፍ ተጻፈላት?» ብላ ወደ እሳቷ ዞረች። መልስ አጣሁ። አምና ክረምት ቤታችን ተሰብሮ ቴሌቪዥኑና የእማዬ ጥልፍ ቀሚስ ተወስዶብናል። ቴሌቪዥኑን ረስታዋለች፣ ቀሚሱን ግን እስካሁን ታነሳዋለች።

እና ጥያቄዬ፣ ሴትየዋን ልውደዳት ተብሎ ነው የተጻፈው ወይስ እኔ ነኝ የተሸወድኩት? ከዚህ ቀጥሎስ የትኛውን ላንብብ? ደግሞ የ14 ዓመት ታናሽ እህት አለችኝ፣ መጽሐፉን አምጪ እያለች ታስቸግረኛለች። ልስጣት?


ጣርማበር

ኧረ ሰው ተገኘ! በዚህ አካባቢ ኮሚክ የማነብ እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እህቴ፣ አልተሸወድሽም፣ ሲጀመርም እንድትወደድ ሆና ነው የተሠራችው። መጀመሪያ የወጣችው በ1940 ነው፣ ባትማን በስሙ የተሰየመ መጽሔት ሲጀመርለት ቁጥር 1 ላይ። ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር ናቸው የፈጠሯት። ያኔ ካትውማን እንኳ አትባልም፣ ዝም ብሎ «ድመቷ» ነው የምትባለው። ጭንብልም ጅራፍም የላትም። አሮጊት መስላ ሀብታሞች ያሉበት ጀልባ ላይ ትሳፈርና የአንገት ሐብል ትሰርቃለች። ባትማን ይደርስባታል። ከዚያ ወደ ውኃው ዘልላ ልታመልጥ ስትል የባትማን ረዳት ሮቢን ሊይዛት ይነሳል፣ ባትማን ደግሞ «ሳያውቅ» ይገጨዋል። አውቆ ነው እንጂ! ገና በመጀመሪያው ቀን ያዡ ራሱ ተሸንፎላታል፣ አንቺማ ምን ታደርጊ።

ሰሊና ካይል የሚለው ስም የመጣው በ1950 ነው። ያኔ ደግሞ ከአውሮፕላን አደጋ በኋላ ማንነቷን ረስታ ነው ሌባ የሆነችው አሉና ከሌብነት አስወጧት። ብዙም አልቆየችበት፣ ተመለሰች። ከዚያ የመጣውን ለእናትሽ ብትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል። በ1954 የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች ጥብቅ ደንብ አወጡ። ወንጀል አንባቢው ለወንጀለኛው እንዲያዝን በሚያደርግ መንገድ አይቅረብ ይላል። በዚያው ዓመት ካትውማን ከገጹ ጠፋች፣ እስከ 1966 ድረስም የለችም። እና እናትሽ እሳት ዳር ሆነው የተናገሩት ነገር አንድ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ደንብ ሆኖ ተጽፏል ማለት ነው።

አንቺ ያነበብሻት ሰሊና መልኳ የተለወጠው በ1987 ነው። ፍራንክ ሚለርና ዴቪድ ማዙኬሊ የባትማንን የመጀመሪያ ዓመት በአዲስ መልክ ሲሠሩት እሷን ከሀብታም ሳሎን አውጥተው ኢስት ኤንድ የሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ አስገቧት። ብሩቤከር የሠራው ከዚያ ተነስቶ ነው። በ2001 ሞታለች ተብሎ በተወራ ጊዜ ስላም ብራድሊ የሚባል ጎልማሳ የግል መርማሪ «እውነት ሞታለች ወይ» ብሎ እንዲያጣራ ይቀጠራል። ስላምን ያነበብሽው እንደ አዲስ ሰው ይሆናል፣ ግን ሽማግሌ ነው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ሱፐርማንን ከማውጣታቸው በፊት በ1937 ነው ያወጡት። ከዚያ ትተውት ኖረው ኖረው ብሩቤከር ከመሳቢያ አወጣው፣ እኔ በጣም ነው የወደድኩለት።


ቆሎ በሌሊት

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው፣ መጽሐፉን መግዛት አያስፈልግም ነበር። 😂


ጣርማበር

@ቆሎ በሌሊት አንተ ለቀልድ አልክ እንጂ እህቷ ማጊ እኮ በ1989 በወጣው ታሪክ እውነተኛ መነኩሴ ናት። ተረቱ ለቤተሰቡ ተለክቶ የተሰፋ ነው።


አያ መንዜ፣ መሐል ሜዳ

ልጆች እንዴት ናችሁ። እኔ እንዲህ ያለውን የሥዕል መጽሐፍ አላነብም፣ የወንድሜ ልጅ ነው ጽሑፋችሁን ያሳየኝ። ግን ነገሩ ሌባ ሆነና ዝም ማለት አልቻልኩም።

በእኛ አገር ሽፍታና ሌባ ለየቅል ነው። ሽፍታው በስሙ ይፎክራል። እገሌ ነኝ፣ ወጣሁ፣ ተበደልኩ ይላል፣ ባላገሩም የሚዘፍንለት አለ የሚረግመውም አለ። ሌባ ግን ስም የለውም። ሌሊት ይመጣል፣ ጠዋት ጎረቤት ሆኖ «ምን ጠፋባችሁ?» ብሎ አብሮህ ይፈልጋል። ከሦስት ዓመት በፊት አራት በግ ከበረቴ ወጣብኝ። የመንዝ በግ ማለት ለእኛ ባንክ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው፣ የበርኖስ ፀጉር ነው። አንዷ ልትወልድ ሳምንት የቀራት ነበረች። አውጫጭኝ ተቀመጥን፣ ሰው ሁሉ ምሎ ወጣ። እስከ ዛሬ ከማን ጋር ቡና እንደምጠጣ አላውቅም። ከበጉ ይልቅ ያ ነው የሚበላኝ።

አያቴ ስለ ሌባሻይ ያጫውቱን ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ልጁ ሰክሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሄዶ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ስንት ምንም ያላደረገ ሰው በዚህ ጠፍቷል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የገባው ሌባ የማይታይ ስለሆነ ነው እንጂ ሞኝ ሆኖ አይደለም።

እና ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በመጽሐፉ ውስጥ የተሰረቀው ሰውዬ ጠዋት ሲነሳ ያሳያሉ? ባዶውን በረት ሲያይ? ካላሳዩ እሷን መውደድ ምን ያቅታል።


እርሳስ፣ ሸዋ ሮቢት

አያ መንዜ በጉ በጣም ያሳዝናል፣ እግዜር ይተካልዎ።

እኔ ስለ ሥዕሉ ብቻ ልናገርና ልሂድ፣ ሙቀቱ እዚህ ገድሎናል ደብረ ብርሃኖች ብርድ ብርድ ስትሉ ቅናት ይዞኛል። ዳርዊን ኩክ የመጣው ከአኒሜሽን ነው። መስመሩን እዩት፣ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግን ፊት ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይነበባል። ከእሱ በፊት በ1993 የጀመረው ተከታታይ ላይ ካትውማን ወይን ጠጅ ልብስ ለብሳ ፀጉሯ እስከ ወገቧ ወርዶ ሰውነቷ በቅጡ መቆም የማይችል ዓይነት ሆና ነበር የምትሳለው። ኩክ ፀጉሯን አሳጠረው፣ ጥቁር ቆዳ አለበሳት፣ ዓይኗ ላይ መነጽር አደረገላት። አሁን ጣሪያ ላይ ስትሮጥ አይተሽ «ይሄ ሰው መሮጥ ይችላል» ትያለሽ። ሥራዋ ሌብነት ነው፣ የሥራ ልብስ ለበሰች፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ያንኑ ልብስ ነው የያዙት።

ተከታታዩ ላይ ግን የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች ብቻ ነው የሳለው፣ የእርሳስ መስመሩን በቀለም ያጠነከረለት ማይክ ኦልሬድ ነው። አምስተኛው ላይ ስትደርሺ ሌላ እጅ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፣ እኔን ትንሽ ቅር ብሎኛል። ጥራዙ ውስጥ ያለውን የባቡር ዝርፊያ ታሪክ ግን ኩክ ራሱ ጽፎ ራሱ ነው የሳለው፣ በ2002። ለእኔ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። ሰውየው በ2016 ነው ያረፈው፣ ገና በ53 ዓመቱ።


የብርዷ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

አያ መንዜ፣ ጥያቄዎ ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። ተነስቼ መጽሐፉን ገልጬ ፈለግኩ። የተሰረቀ ሰው ጠዋት ሲነሳ አላገኘሁም። ያገኘኋቸው ገንዘቡ ከሕገ ወጥ ሥራ የመጣ ማፊያዎች ናቸው፣ ጉቦ የሚበሉ ፖሊሶች ናቸው። ባቡሩ ላይ ያለው ገንዘብም የማፊያ ነው። ማለት ጸሐፊዎቹ ብልጥ ናቸው፣ እንዳላዝንለት አድርገው ነው ባለቤቱን የመረጡልኝ። የእማዬን ቀሚስ የለበሰች ሌባ ብትሆን ኖሮ ሁለተኛውን ገጽ አልገልጥም ነበር።

እርሳስ፣ ስለ ፀጉሯ ያልከው ልክ ነው። እኔም ፀጉሬን ልቆረጥ እያሰብኩ ነው (እማዬ እንዳትሰማ)።


ጣርማበር

አያ መንዜ የጠየቁት ጥያቄ የሁለተኛው ጥራዝ ጥያቄ ነው። መጽሐፉን ሳያነቡ ነው የደረሱበት፣ ገርሞኛል።

ብዙ አልናገርም፣ ገና አላነበብሽውም። ግን ይሄን ያህል ልበል። ሁለተኛው ጥራዝ ውስጥ ካሜሮን ስቱዋርት የሳለው ረጅም ታሪክ አለ። ብላክ ማስክ የሚባል ወንበዴ ገንዘቡ ላይ እጇን ያስገባችው ማን እንደሆነች ይደርስበታል። ሰውየው እሷን መትቶ አይሄድም። ወዳጆቿን፣ ሰፈሯን፣ እህቷን ነው የሚፈልገው። መነኩሴ የነበረችው ማጊ ላይ የሚደርሰውን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ውጪ ወጥቼ ቆሜያለሁ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ስለ ዕዳው ናቸው። ሰሊና በሕይወት አለች፣ ቆንጆ ናት፣ ጣሪያ ላይ ትሮጣለች፣ ግን ስታወጣ የኖረችውን ሌላ ሰው ነው የከፈለው። አራቱን በግ የወሰደው ሰው ይሄን ቢያነብ ምን ይል ይሆን።

እኔ ካትውማንን እወዳታለሁ፣ እስከ ዛሬ። ከዚያ ጥራዝ በኋላ ግን «እንዳይዟት» ማለቴን ትቻለሁ።

ለታናሽ እህትሽ፣ በ14 ዓመቷ አልሰጣትም። የመጀመሪያው ጥራዝ ላይ ራሱ የሚገደሉት ሴቶች አሉ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፣ ማሰቃየት አለበት። ከ17 በላይ ስትሆን አብራችሁ አንብቡት። አሁን ከፈለግሽ የባትማንን የልጆች ካርቱን አሳያት፣ እዚያም ላይ ሰሊና አለች፣ ለስላሳ ነች።

የንባቡ ቅደም ተከተል ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ልትደግሚው ከሆነ የባቡሩን ዝርፊያ መጀመሪያ አድርጊው። በጊዜ ከሌላው በፊት የሆነ ነው፣ ሞታለች ተብላ ባዶ እጇን ወደ ከተማዋ ወደ ጎተም የተመለሰችበት። ከዚያ የስላም ብራድሊን ምርመራ፣ ከዚያ ቁጥር 1። እንዲያ ሲነበብ ሌላ መጽሐፍ ነው የሚመስለው።


አያ መንዜ፣ መሐል ሜዳ

እህቷ ትድናለች?


ጣርማበር

በነፍሷ ትተርፋለች፣ ጋሼ። እንደ በፊቷ ግን አይደለችም።


አያ መንዜ፣ መሐል ሜዳ

እንግዲህ።


የብርዷ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

ሁለተኛውን ጥራዝ የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። ጣርማበር፣ አንተ በእጅህ ካለህና ማዋስ የምትደፍር ከሆነ ግን እስከዚያ አልጠብቅም፣ ቅዳሜ መናኸሪያው አካባቢ ነኝ። የመጀመሪያውን በመያዣ አስቀምጥልሃለሁ። ለእህቴ አልሰጥም፣ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ወንበር አምጥታ እንዳታወርደው ብቻ እየጸለይኩ ነው።